ቀበናን ተከትሎ የወረደው ብስክሌተኛ

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ብስክሌቱን እየገፋ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ አንድ ሰው አለ። የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቶ የሰው ገንዘብ ሲደምር ይውላል። ብስክሌቷ ጎማዋ ወፍራም፣ ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ያገለገለች የተራራ ብስክሌት ናት። ቀለሟ ለቋል፣ የኋላ ፍሬኗ ያቃስታል። «በመኪና አልለውጣትም» ይላል። ጓደኞቹ ደግሞ «መጀመሪያ መኪናው ይኑርህ» እያሉ ይስቁበታል።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል። ምኒልክና ጣይቱ ከዚህ ተራራ ወደ ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባን ከቆረቆሩ ከ130 ዓመት በላይ ሆነ። ብስክሌተኛውም የሚወርደው ወደዚያው ወደ ከተማው ነው። በ2013 ዓ.ም የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተሠራ የብስክሌት መንገድ አለው፤ እሱ ግን የሚወደው ከዚያ ውጭ ያለውን ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ባሕር ዛፉን እየሰነጠቀ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የቀበናን ውሃ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያደረገ ይቀጥላል። ሥሩ ያንገጫግጫል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ከታች ውሃው ይሰማል። ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዶላር የማያስብበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

መንገዱን ማን እንደሠራው የገባው ከብዙ እሁድ በኋላ ነው። አንድ ቀን በቁልቁለቱ እየበረረ ሲወርድ፣ ጀርባቸው በእንጨት ሸክም የጎበጠ እናት ፊቱ ድቅን አሉ። ፍሬን ይዞ ቆመና «ይቅርታ እማማ፣ ትንሽ ዳር ይያዙልኝና ልለፍ» አላቸው። ሴትዮዋ ቀና እንኳን ሳይሉ መለሱለት። «አንተ ዳር ያዝ ልጄ። እኔ ሸክሜን ካወረድኩ መልሶ የሚያሸክመኝ የለም።»

ብስክሌቱን ወደ ዳር ሳበ። ከኋላቸው ሌሎች አራት እናቶች ነበሩ፤ ሁሉም እስኪያልፉ ጠበቀ። ያንን መንገድ እንዲህ ለስላሳ አድርጎ የጠረገው የእነሱ እግር ነው። ፓርኩ ሲከፈት ከእነዚህ እናቶች የተወሰኑት እዚያው ሥራ እንዳገኙ ተነግሯል፤ መልካም ነው። ያላገኙት ግን ዛሬም ይወርዳሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸክም ያየ እንደሆነ ከሩቅ ነው ፍሬን የሚይዘው።

ውሃው ከላይ ኩልል ያለ ነው፤ ሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። ሰፈር ከጀመረ በኋላ መልኩ ይለወጣል። መጀመሪያ የሳሙና አረፋ ይመጣል። ቀጥሎ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ። ከዚያ ከግቢ አጥር ሥር የወጡ ቱቦዎች ይታያሉ፤ ዝናብ በሌለበት ወር እንኳን ሲንጠባጠቡ ይውላሉ። ድልድይ ላይ በመኪና የሚያልፍ ሰው መስኮቱን ይዘጋና በአስር ሰከንድ ይገላገላል። ብስክሌተኛ የሚዘጋው መስኮት የለውም። የወንዙን መበላሸት ሜትር በሜትር እያሸተተ ይወርዳል።

ባለፈው ዓመት በበጋ፣ ውሃውን በድንጋይ ላይ ሲሻገር የፊት ጎማው ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። ቁስሉ ጥልቅ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ከወንዙ ውሃ ጨልፎ ሊያጥበው ሲል፣ እዚያው አጠገቡ ልብስ የምታጥብ ሴት ጮኸችበት። «ኧረ ተው ወንድሜ! በዚህ ውሃ እንዳትነካው!» ከቢጫ ጄሪካኗ የቧንቧ ውሃ ቀድታ በእጁ አፈሰሰችለት። ለመጠጥ ያመጣችው ውሃ ነበር። የእሷ ሁለት እግሮች ግን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ወንዙ ውስጥ ነበሩ።

ምክሯን ሰምቶም አልዳነም፤ ሲወድቅ የነካው በቂ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ አብጦ ቀላ፣ ትኩሳት መጣ። ሐኪሙ «የት ነው የወደቅከው?» ሲለው «ቀበና ወንዝ ውስጥ» አለ። ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም፤ የቴታነስ መርፌና ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ታዘዘለት። ሁለት ሳምንት አነከሰ። በአልጋው ላይ ሆኖ ያሰበው ስለ ጉልበቱ አልነበረም። እሱ አንዴ ነክቶት ሁለት ሳምንት ከተኛ፣ በየቀኑ የምትቆምበት ሴትና እዚያው ኳስ የሚያጠልቁት ልጆቿ እንዴት ናቸው?

እሁድ ምሳ ላይ እናቱ ጎመን ሠርተው አቀረቡለት። «እማዬ፣ ይሄ ጎመን ከየት ነው?» አላቸው። «ከገበያ ነዋ! ከየት ሊሆን ነው?» አሉ ግራ እየተጋቡ። የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ የሚያውቀውም እሱን ብቻ ነው። ቀበና ግንፍሌን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ በመጨረሻም ትልቁን አቃቂ ይቀላቀላል። በአቃቂ ውሃ ለዓመታት አትክልት ሲለማ ኖሯል፤ ከዚያ አትክልት ናሙና የወሰዱ ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶች እንዳገኙበት ደጋግመው ጽፈዋል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ለእሱ የጣልነውን የሚወስድልን ባሕር የለም። ከፊሉ ተመልሶ ወደ ማዕዳችን ይመጣል።

ስለ ወንዝ ዳር ብዙ ሲወራ ሰባት ዓመት አልፏል። በ2011 ዓ.ም «ሸገርን ማስዋብ» ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ ተነገረ፤ በ5 ሚሊዮን ብር እራት ተበላበት። ከዚያ ወዲህ ፓርኮች ተሠሩ፣ በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መንገድ ተሰመረ። ይህን ማጣጣል አይገባም። ልጅ ይዞ አረፍ የሚባልበት ሣር ላጣ ከተማ ሣር ትንሽ ነገር አይደለም፤ ብስክሌተኛውም በአዲሱ መንገድ ደስ ብሎት ይነዳል።

ነገር ግን ዳርቻ ወንዝ አይደለም። የተነጠፈው ድንጋይ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከሆነ የተሠራው ለፎቶ ነው። በ2017 ዓ.ም ከተማ አስተዳደሩ ወንዝ በሚበክሉ ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥቷል። ጥሩ፤ ግን የፍሳሽ መስመር ሰፈሩ ያልደረሰ ደሃ ቤተሰብ ቢቀጣ ፍሳሹን የት ይወስደዋል? በአንጻሩ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃና ፋብሪካ መስመር የመዘርጋት አቅም አላቸው፤ ቅጣቱ ከእነሱ ይጀምር። ቃሊቲ ላይ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፤ ማጣሪያ ግን የሚያጣራው የደረሰውን ብቻ ነው። ከመብራቱና ከፏፏቴው በፊት መቆፈር ያለበት ወደዚያ የሚወስደው ቱቦ ነው። ቱቦ ሲመረቅ ሪባን አይቆረጥም፣ መሬት ውስጥ ስለሆነም ማንም አያየውም። ምናልባት የዘገየው ለዚህ ይሆናል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ብስክሌተኛው ተመልሶ ወረደ። ሴትዮዋ ልብስ ታጥብበት የነበረው ቦታ ተነስቷል፤ መሬቱ ተደልድሎ ድንጋይ ተከምሮበታል። እዚያ ያሉትን ሠራተኞች ቢጠይቅ የት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘም። ወደ ውሃው ጠጋ አለ። ሽታው እንደ ድሮው ነው።

ጄሪካኗን አስታወሰ። አሁን እሁድ እሁድ ሲወጣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይይዛል፤ አንዱ ለእሱ ነው፣ ሁለተኛው እዚያ ወንዝ ውስጥ ለሚወድቅ ሰው።