አውቶቡስ ተራ ለሚወርደው እንግዳ

በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ያደግን ልጆች ስለ ከተማችን የተጻፈ የጉዞ መመሪያ መጀመሪያ ያየነው በፈረንጅ እጅ ነው። ፒያሳ፣ ጣይቱ ሆቴል አካባቢ፣ ሻንጣውን ያዘለ ወጣት መጽሐፉን ገልጦ ዙሪያውን ይቃኛል። እኛም በትምህርት ቤት እንግሊዝኛችን ጊዮርጊስን ወይም ሙዚየሙን እናሳይህ እንለዋለን። በጥርጣሬ አይቶን ያልፋል። ቋንቋው ሲጠናልን መጻሕፍቱን ራሳችን አነበብናቸው፤ የጥርጣሬው ምንጭም ያኔ ገባን። «ተማሪ ነኝ፣ ላስጎብኝህ» ብሎ ከሚጠጋ ወጣት ተጠንቀቅ ይላሉ። የተታለለ እንግዳ ስለነበር ማስጠንቀቂያው መሠረት የለውም አልልም። ግን እንግዳው ያን ገጽ በማመኑ ምንም ሳንጠይቅ ልናሳየው የምንችለውን ሰፈር ሳያይ ሄዷል።

በፈረንጆች 1995 የፊሊፕ ብሪግስ የኢትዮጵያ መመሪያ በብራድት በኩል ታተመ፤ በ2000 ደግሞ የሎንሊ ፕላኔት ተከተለ። አዲስ አበባ በሁለቱም አገሩን ከሚያዳርሰው ትረካ ውስጥ አንድ ክፍል ናት። ውለታቸውን መካድ አይገባም። የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት በእነሱ ዘጠኝ መሆኑን፣ ዘመናችንም ከእነሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚዘገይ ለእንግዳው አስረድተውታል። ይህን ሳያውቅ ስንቱ አውቶቡስ ያመልጠው ነበር! የአልጋና የምግብ ዋጋው ግን መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሳይቆይ ያረጃል። የማያረጀው ከተማዋ ለምን እንዲህ ሆና እንደቆመች የሚናገረው ክፍል ነው፦ ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ እንደነበረ፣ ፍልውሃ ሰዉን ወደ ታች እንደሳበው፣ ከተማዋ በ1879 እንደተቆረቆረች።

ለዚህ ነው ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓኦሎ ኪያሪ በፈረንጆች 2004 ስለ አዲስ አበባ ያወጡትን የታሪክ መመሪያ ከሁሉም የማስበልጠው። አሮጌ ቤቶችን ተከታትሎ ማን እንዳሠራቸው፣ ማን እንደኖረባቸው ይናገራል። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል፣ ፒያሳም በ2016 ሲፈርስ፣ ምን እንዳጣን ለልጆቻችን ለማስረዳት ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ የተሻለ ምን አለን?

የመመሪያ መጽሐፍን ጥቅም ስመዝን ግን ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማን ሲመጣ አስቦ ተጻፈ? ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ በፈረንጆች 1938፣ ስለያዙት ምሥራቅ አፍሪካ ያሳተሙት ወፍራም መመሪያ የሚያስበው የራሳቸውን ሰው ነበር። የኋለኞቹ ደግሞ ቦሌ የሚያርፈውን አሰቡ። የእኛ አባቶችና እናቶች፣ ከእነሱም በኋላ እልፍ አእላፍ ሰው፣ አዲስ አበባ የገባው በአውቶቡስ ተራ ነው፤ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ የአጎቱን ሰፈር ብጣሽ ወረቀት ላይ አስጽፎ። ለእሱ ማንም መመሪያ አልጻፈለትም። ወያላው «አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ» እያለ ሲጣራ አራት ኪሎ የት እንደሆነ፣ ታክሲው በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ሲደርስም «ወራጅ አለ» ማለት እንዳለበት የነገረው የለም። እየጠየቀ፣ እየተሳሳተ፣ አንዳንዴም እየተዘረፈ ተማረ።

ጠይቆ መሄድ የዚህች ከተማ ወግ ነው። የመንገድ ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ «ከማደያው ገባ ብለህ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ስትል» ነው የምንለው። ስለዚህ የጎዳና ስም ብቻ የጻፈ ካርታ እኛ ዘንድ ብዙ አይረዳም። ታዛቢ የሆነ የመመሪያ ጸሐፊ ግን ካርታው ላይ ማደያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሲኒማ ቤቱን በቁጥር ምልክት አድርጎ ከጎኑ ዘርዝሯል፤ እንግዳው ያንን ይዞ ቢጠይቅ ሰው ይረዳዋል።

አሁን ምልክቶቹ ራሳቸው እየሄዱ ነው። ካዛንቺስም በ2017 ተነሣ። እዚያው ያደገ እኩያዬ ለመንገደኛ አቅጣጫ ሲያሳይ ንግግሩን መሐል ላይ ያቋርጣል፤ «ከ…» ብሎ የሚጀምርበት ቤት የለም። ከዋሽንግተን ልጆቹን ይዞ የመጣ አንድ ወዳጃችንንም ስልኩ መንገዱን አሳይቶታል፤ እናቱን ያሳደገው ግቢ የት ጋ እንደነበረ፣ የእድሩ ሰዎች ወደየትኛው ኮንዶሚኒየም እንደገቡ ግን ስልክ አይነግረውም።

ይህን የሚያውቀው የእኛ ትውልድ ነው፣ በአማርኛም ሊጽፈው ይገባል። በየሰፈሩ ማን እንደኖረ፣ ታቦቱ የትኛው እንደሆነና መቼ እንደሚነግሥ፣ ታክሲው ከየት እንደሚነሣ፣ የፈረሰው ሰፈር ሰው የት እንደሚገኝ የሚናገር፣ በኪስ የሚያዝ መጽሐፍ። ዋጋ ባይጻፍበትም ይቅር። ከአውቶቡስ ተራ አጠገብ ካሉት መጻሕፍት አዟሪዎች እጅ ይግባ፣ የሚገዛውም በአማርኛ ያንብበው።