መጋቢት 1ን አስታውሳለሁ፤ መጋቢት 2ንስ?

እናቴ የስልሳዎቹ ባለሥልጣናት መገደል የተነገረበትን ጠዋት እንደ ትናንት ነው የምታወራው። ኅዳር 1967 ዓ.ም.፣ እሑድ። ያኔ ልጅ ነበረች። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ የጎረቤት ሬዲዮ የሟቾችን ስም ይዘረዝራል፤ አያቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ዝም በሉ እስኪ!» ትላለች። ምስሩ ከሰፌዱ ላይ መፍሰሱን፣ ማንም ጎንበስ ብሎ እንዳልለቀመው ሳይቀር ትነግረናለች። ከዚያ በፊት ስለነበረው ሳምንት ብትጠየቅ ግን አንድም ነገር አታስታውስም።

ሁሉም ትውልድ እንዲህ ያለ ቀን አለው። የእኔ ቀን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

እሱም እሑድ ነበር። የዐቢይ ጾም ሁለተኛው እሑድ፣ ቅድስት። ረፋዱ ላይ ሻይ ይዤ ስልኬን ስከፍት ወደ ናይሮቢ ሲበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መከስከሱን አነበብኩ። ወሬ መስሎኝ ሌላ ቻናል ከፈትኩ። እዚያም አለ። ሻዩን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ማታ ላይ ነው መስኮቱ ላይ ቀዝቅዞ ያገኘሁት።

ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የበረራ አስተናጋጅ የሆነች ልጅ ነበረች። እናቷ በባዶ እግራቸው ወጥተው «አይነሳም! ስልኳ አይነሳም!» እያሉ መንገዱ መሐል ቆሙ። የሰፈሩ ሴቶች ከበቧቸው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ልጅቷ ከሌላ ከተማ ደወለች። አንዲት ሴት እልል ማለት ጀመረችና ግማሽ ላይ አቋረጠችው። የሌላ ሰው ልጅ ሞቶ እልል አይባልም። ያቺ የተቋረጠች እልልታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

የቀረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ የተነሣው አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው፣ ከ35 አገር። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው፤ ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ። በሳምንቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባንዲራ የለበሱ 17 የሬሳ ሣጥኖች ተደረደሩ፤ ውስጣቸው ባዶ ነበር። ይህን ሁሉ የምጽፈው ምንም ሳላገላብጥ፣ ከአእምሮዬ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

መጋቢት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. መሥሪያ ቤት ቡና ሰዓት ላይ ተሰብስበናል። አንዱ «ዛሬ እኮ ሦስት ዓመት ሞላው» አለ፤ ከዚያ ወጉ እንደተለመደው ቀጠለ። አንዱ ሐዋሳ ነበር፣ አንዷ ፀጉር ቤት ነበረች፣ አንዱ በዚያው ሳምንት ናይሮቢ የሚሄድበትን ትኬት ይዞ ነበር። እኔም የሻዩንና የእልልታውን ታሪክ አወራሁ። ጥሩ አድርጌ ነው የማወራው፤ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ።

ቡና የምታፈላልን ሴት አለች። «እትዬ» ነው የምንላት። ስኒ እያቀረበች ሁላችንንም አዳመጠችና «ነገስ?» አለች።

«ነገ ምን አለ እትዬ?»

«ነገም እኮ ሙት ዓመት ነው። ቆሼ የተናደ ለታ የት ነበራችሁ?»

ማንም አልመለሰም። አንዱ «መቼ ነበር እሱ? 2008?» አለ። «2009» አለች እሷ። «መጋቢት 2፣ ቅዳሜ ማታ።»

እሷ የት እንደነበረች ጠየቅናት። ቤቷ እዚያው ረጲ፣ ከክምሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው። ያን ምሽት ቡና አፍልታ ትንሹን ልጇን ጎረቤቷን እንዲጠራ ላከችው። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ብቻውን ተመለሰ። «እማዬ፣ ቤቱ የለም» አላት።

«ቤት የለችም ያለኝ መሰለኝ» አለች እትዬ። «ታዲያ እስክትመጣ አትጠብቃትም ነበር? ብዬ ተቆጣሁት። ለካ ቤቱ የለም ነው የሚለኝ።»

በዚያ ሳምንት እድራቸው ድንኳን አልበቃው ብሎ ከሌላ እድር ተዋሱ። ወጥ የሚሠሩት፣ እንግዳ የሚያስተናግዱት ሴቶች ራሳቸው ሐዘንተኛ ስለሆኑ ምግብ የሚያቀርብ ሰው ጠፋ። ይህን ነግራን ስኒዎቹን ሰብስባ ሄደች።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የት እንደነበርኩ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልቻልኩም። የሚያሳፍረኝ ደግሞ በዚያ ዓመት አየር ጤና ነበርኩ። በየቀኑ ሁለቴ በታክሲ ቆሼ አጠገብ አልፍ ነበር። ወደዚያ ስንጠጋ ረዳቱ «መስኮት!» ይላል፤ ሁላችንም እንዘጋለን፤ ክምሩን ስናልፍ እንከፍታለን። ክምሩ ላይ ሰዎች ጎንበስ ቀና ሲሉ በመስታወት ውስጥ አያለሁ። ስለ ቆሼ የማውቀው የመስኮቱን መዘጋት ነበር።

የድሮ ፎቶዎቼን ፈለግሁ። መጋቢት 2 ላይ ምንም የለም። መጋቢት 3፣ እሑድ፣ አንድ ፎቶ አገኘሁ። የጾም በያይነቱ ነው፤ ሽሮው መሐል ላይ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ ዙሪያውን። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከቆሼ በመኪና 10 ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ተቀምጬ ያነሣሁት ነው። በዚያች ሰዓት ሰዎች ልጆቻቸውን ከቆሻሻ ሥር እየፈለጉ ነበር። ዜናውን ሳልሰማ አልቀረሁም፤ ሰምቼ ምሳዬን ፎቶ አንሥቻለሁ።

ያ እሑድ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጻጉዕ የሚባለው ነበር። 38 ዓመት አልጋ ላይ ተኝቶ ወደ ውኃው የሚያወርደው አንድ ሰው ያጣው የበሽተኛው ሰው እሑድ።

በቆሼ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። መንግሥት አላዘነም አይባልም፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አውጇል። ለአውሮፕላኑ የታወጀው አንድ ቀን ነው። እንግዲህ በባንዲራ ቢለካ ቆሼ ይበልጣል። የአውሮፕላኑ የሐዘን ቀን የዋለው ደግሞ ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 2011 ነበር። ባንዲራው ዝቅ ብሎ የዋለበት ያ ቀን የቆሼ ሁለተኛ ዓመት መታሰቢያ ነበር ማለት ነው። ያን ቀን እኔም አዝኜ ውያለሁ፤ የቆሼ ቀን መሆኑ ግን ትዝ አላለኝም።

ለምን? ብዙ አሰብኩበት። «ያኔ የት ነበርክ?» ስንባል የምናስታውሰው እኛን ሊነካን ይችል የነበረውን ይመስለኛል። አውሮፕላኑ ውስጥ ራሴን ማስቀመጥ እችላለሁ። የጎረቤት ልጅ አለችበት፣ ትኬት የያዘ ጓደኛ አለኝ፣ አየር መንገዱም የሁላችን ኩራት ነው። ቆሼ ውስጥ ግን ራሴን አስቀምጬ አላውቅም። እዚያ የሚኖር ሰው ሲሞት «እኔ ብሆንስ» አላልኩም። ስላላልኩም ቀኑ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ አለፈ።

«ሐዘን ሐዘን ነው፣ ምን ያወዳድራል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሐዘን አይወዳደርም፤ የአውሮፕላኑን ሟቾች ማስታወሳችንም ሊቀንስ አይገባም። ግን ማስታወስ ሥራ ይሠራል። ቤተሰቦቻቸውን በአውሮፕላኑ ያጡ ሰዎች ዝም ስላላሉ፣ ዓለምም ስላልረሳ፣ ቦይንግ 737 ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ፤ በአሜሪካ እገዳው 20 ወር ቆየ። አንዲት የተሳሳተች ሴንሰር ስታሳስተው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፍቀው ሶፍትዌር ተፈትሾ ተስተካከለ። የኩባንያው ሥራ አስፈጻሚ ተነሡ። ኩባንያው በአሜሪካ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ለሞቱት በቂ ነው የሚል የለም፤ ቤተሰቦቹም ራሳቸው አይበቃም ብለው ተከራክረዋል። ቢሆንም «ለምን ሞቱ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቷል።

የቆሼስ «ለምን»? ከ50 ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲቆለልበት የኖረ ቦታ ነው። በ2008 ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው በወራት ውስጥ ሲቆም ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። እዚያው አጠገብ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እየተገነባ ነበር፤ የተመረቀው ክምሩ ከተናደ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያ ሁሉ ቆሻሻ የእኔም ነው። የእኔ የድንች ልጣጭ፣ የእኔ ፌስታል፣ የእናንተም። እትዬን ጎረቤቷን ያሳጣት ክምር እኛ ከየቤታችን በማዳበሪያ እየሞላን ያወጣነው ነው። ስለዚህ የረሳሁት የሩቅ ሰው አደጋ ነው ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ካፒቴን ያሬድን በስም አውቃለሁ። ከቆሼ ሟቾች የአንዱን ስም ጥራ ብባል ግን አንድ አልጠራም። እናቴ ያንን እሑድ ያልረሳችው ሬዲዮው ስም በስም ስለዘረዘረ ይመስለኛል። ስም ያለው ሞት ይታወሳል፤ ቁጥር ብቻ የሆነ ሞት ይረሳል።

በማግስቱ፣ መጋቢት 2፣ እትዬን የጎረቤቷን ስም ጠየቅኋት። ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የቤተሰቧ ነው። እኔ ግን ይዤዋለሁ፤ በየዓመቱ መጋቢት 2 እጠራዋለሁ።

ይህን ስጽፍ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ትዝ አለኝ። ጎፋ ላይ የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ቀን። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። የት ነበርኩ? ይሄንን አውቀዋለሁ፤ ከእትዬ ጥያቄ በኋላ የመጣ ስለሆነ ጻፍ አድርጌ ይዤዋለሁ። እናንተስ?

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ መጋቢት 2 ቀን 2009 የት እንደነበራችሁ ለማስታወስ ሞክሩ። የምታስታውሱ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የማታስታውሱም «አላስታውስም» በሉ፤ እኔም ከዚያ ነው የጀመርኩት። በአካባቢያችሁ ዘመዱን በዚያ ቀን ያጣ ሰው ካለ ደግሞ ስሙን ጠይቁት። ቡና እየጠጣችሁ ቢሆን ይመረጣል።

ነፍሳቸውን ይማር።

ቸር ያሰማን።