ያለ ቀረጥ የገባ

ጀማው፣ ዛሬ ከጀልዴሳ ለድሬዳዋ የሚሄድ ደብዳቤ እዚሁ ጀልዴሳ ተተየበ። አቦ ደስታዬን ለብቻዬ ይዤ ማደር አልቻልኩም! ለትምህርት ቤታችን ዴስክ የምንጠይቅበት ደብዳቤ ነው የምላችሁ፤ ያ ስሙን መስማት የሰለቻችሁ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፦ በእስክሪብቶ ይረቀቃል፣ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው ይጠበቃል፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት በገጽ ሒሳብ ይተየባል፣ ለማኅተም ተመልሶ ይመጣል። ማኅተሙ ከማረፉ በፊት አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው የሰፈራችን ስም «ጀልዲሳ» ሆኖ ይገኛል። እንደገና ወደ ድሬ። ዴስኩ እስኪመጣ ልጆቹ ጨርሰው ይወጣሉ እያልን ስንቀልድ ከርመናል።

ዛሬ ጸሐፊያችን ራሷ ቁጭ ብላ ጨረሰችው። እሷ በኦሮምኛ ተምራ ያደገች፣ ሶማሊኛን ከጎረቤት የለመደች ልጅ ናት፤ አማርኛ ታነባለች፣ በእጇም ታምር ጽሑፍ ትጽፋለች። ቁቤ፣ የኦሮምኛውን የላቲን ፊደል፣ ስትተይብ ጣቶቿን በዓይን መከተል አይቻልም። የአማርኛ ጽሑፍ ሲመጣ ግን እጇን ታጥፋ ትቀመጥ ነበር፤ የትኛው ቁልፍ ስር የትኛው ፊደል እንደተደበቀ ማን ነግሯት? ኪማን የሚባለውን የመተየቢያ ፕሮግራም ጫንኩላት፤ ከላዩ ጂኤፍኤፍ የሚባለውን የአማርኛ ኪቦርድ። «ድምፁን ተከትለሽ ምቺ» አልኳት። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። «ሰላም» ብሎ ወጣ። ዞር ብላ አየችኝና ሳትናገር ተመለሰች። ቀጥላ የጻፈችው የእናቷን ስም ነው፣ ከዚያ የልጇን። ደብዳቤው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ማንም አላጣደፋትም።

ከዚያ «ጥያቄ» ብላ ልትጽፍ ስትል «ሽያቄ» ወጣ።

«ቲቸር፣ ማሽኑ ተሳሳተ!» አለች። አልተሳሳተም። በቁቤ ኤክስ ማለት ጥ ነው፤ ጣቷ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቀው ይኼንኑ ነው። ኪማን ላይ ግን ኤክስ የተሰጠው ለሽ ነው። ይኼን እያስረዳሁ የሶማሊኛ መምህራችን ከወዲያ ማዶ ብድግ አለ፤ «ኤክስማ የእኛ ናት፣ ሐሰን ያለ ኤክስ አይጻፍም!» እውነቱን ነው፤ በሶማሊኛ ኤክስ ሐ ነው። አንዲት ቁልፍ፣ ሦስት ባለቤት። ግማሽ ሰዓት ያህል ሥራ ቆሞ ስለ ኤክስ ባለርስትነት ተሟገትን፤ ወላሂ የመሬት ክርክር እንኳ እንዲህ አይሞቅም። እሷ መፍትሔ አመጣች፦ ኤክስ ለጥ ይሰጥ፣ ሽ ደግሞ እንደ ቁቤው ኤስና ኤች ተከታትለው ሲመቱ ይምጣ። ጥሩ ነው አልን። ሞክረን በወረቀት ስናወርደው «ስህተት» የሚለው ቃል «ሽተት» ሆኖ ቁጭ አለ። ሳቃችን ግቢውን ሞላው።

ቁም ነገሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ይኼን ኪቦርድ ራሳችን መለወጥ እንችላለን። የኪቦርዱ ሕጎች ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ ማረሚያው መሣሪያ፣ ኪማን ዴቨሎፐር የሚሉት፣ እሱም በነፃ ነው። በቁቤ ላደገ ሰው ጣት የሚስማማ የአማርኛ ኪቦርድ ጀልዴሳ ላይ ተሠርቶ ለመላው ሐረርጌ ሊዳረስ ይችላል። ፈቃድ የሚጠየቅ የለም፣ ደጅ የሚጠና የለም።

የሰጡንን ሰዎች ስም ልጥራ፣ ማንም አይጠራቸውምና። ኪማንን በ1993 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማርክ ደርዲን የሚባል ወጣት ነው፤ ያኔ ላኦስ ይኖር ነበር፣ የሠራውም ለላኦ ፊደል ነው። ስለ ሀሁ ምን ያውቃል? ግን ለአንድ ፊደል የተጨነቀ ሰው ለሌላው መንገድ ከፈተ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤስ አይ ኤል የሚባለው የቋንቋዎች ድርጅት ተረከበው፤ ከ10ኛው እትም ወዲህ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆነ። የአማርኛውን ኪቦርድ ያዘጋጀው ደግሞ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፣ የዳንኤል ያዕቆብ ቤት። ዳንኤልና ይትና ፍርድይወቅ ገና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮምፒዩተሮች ግዕዝን ማሳየት በማይችሉበት ጊዜ፣ ፊደላችንን በላቲን ቁልፎች እየጻፉ በኢሜይል የሚላላኩበትን ሥርዓት አበጅተው ነበር። ኤክስ ለሽ የዋለው ከዚያ ጀምሮ ነው። አቢሲኒካ የሚባለው ቆንጆ ፎንትም በነፃ የተሰጠ ነው። ዛሬ በደብዳቤያችን ላይ የታተመው እሱ ነው።

ስለ ፊደል ካነሳሁ የአጎቴን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲላወስ ነው የዋለው።

አጎቴ ያገሩን ታሪክ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ከአያቶቻቸው የሰሙትን እሳቸው እየነገሩኝ እኔ በደብተር ጻፍኩ። ከዘይላ የተነሳው ሲራራ በረሃውን በግመል አቋርጦ ተራራው ግርጌ ጀልዴሳ ሲደርስ ያርፋል፤ ኬላው እዚህ ነው፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ ከዚያ ሽቅብ ወደ ሐረር። ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስም ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል። ያ ሐረር ላይ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ራምቦም በዚሁ ነው ያለፈው። የማን ቤተሰብ ግመል ያከራይ እንደነበር፣ የማን ጉድጓድ ውሃ ጣፋጭ እንደነበር፣ በየትኛው ዛፍ ስር ሽምግልና ይቀመጡ እንደነበር፣ ሁሉንም ነገሩኝ። ከዚያ 1895 ዓ.ም. ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይለወጣል። በዚያ ዓመት ባቡሩ ከጂቡቲ ተነስቶ ዛሬ ድሬዳዋ የሆነችው ሜዳ ላይ ደረሰ። በጀልዴሳ አላለፈም። ከተማ እዚያ በቀለ፣ የእኛ ገበያ ደረቀ። አጎቴ ባቡር ላይ ሳይሳፈሩ ነው የሞቱት፤ «አያቶቼን ጦም ያሳደረ ነገር ላይ አልወጣም» ይሉ ነበር። የባቡሩ ጩኸት ሲሰማ ደግሞ ቀጥ ብለው ተነስተው ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር፣ እሱንም አልክድም።

ያንን ደብተር ድሬ ወስጄ አስተየብኩት። በገጽ ከፈልኩ። አንዱ ኅትመት «አንብቤ ልመልስ» ባለ ሰው እጅ ቀረ። ደብተሩን ምስጥ በላው። ፋይሉ አለ፣ ዛሬም ፍላሼ ላይ አለ። ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው፤ ቃለ አጋኖ፣ የመቶኛ ምልክት፣ ቅንፍ፣ መሐል ላይ አንድ ትልቅ ኤፍ። አጎቴ እዚያ ውስጥ ናቸው። ግመሎቹም፣ የጉድጓዶቹም ስም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ የቤተሰብ ፋይል ስለሚኖራችሁ። የዚያ ዘመን ፎንቶች ለኮምፒዩተሩ የሚነግሩት ስለ ላቲን ፊደል ነበር። ማሽኑ «ኤ» ብሎ ያስቀምጣል፣ ፎንቱ ኤውን የሀ ስዕል ያለብሰዋል። ቦታው ደግሞ 256 ብቻ ስለሆነ ፊደላችን አልበቃ ብሎት በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፈላል። ያንን ፎንት ያልያዘ ማሽን ላይ ስትከፍተው ልብሱ ይወልቅና ላቲኑ ይቀራል። እያንዳንዱ ሻጭ የራሱ አደላደል ነበረው፤ የአንዱን ጽሑፍ የሌላው አያነበውም። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ ወዲያ ሀ የትም ቢሄድ ሀ ነው። ዊንዶውስም ቪስታ ሲመጣ ኒያላ የሚባለውን ፎንት አብሮ ይዞ መጣ። ቀደም ብለው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እነ ዶክተር አበራ ሞላ ፊደሉን ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት የለፉትን ልፋት አከብራለሁ፤ ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም። ንዴቴ ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ ከተገኘ በኋላ እንኳ ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ጽሕፈት ቤት በአሮጌው ፎንት ሲተይብ ኖረ! የስንት ሰው የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የስንት እድር መዝገብ፣ የስንት አጎት ታሪክ ነው እንዲህ ተቆልፎ የተቀመጠው?

ያስተየብኩበት ቤት ሄጄ ነበር። ፎንቱ ያለበት ማሽን ተሽጧል አሉኝ፤ «ከፈለግህ ግን በብር እንፈልግልሃለን»። የአጎቴን ቃል ለማንበብ ሁለተኛ ቀረጥ። አልከፈልኩም። አሁን የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ አንድ በአንድ እያመሳሰልኩ ሠንጠረዥ እየሠራሁ ነው፤ «ጀልዴሳ» የሚለውን ቃል አግኝቼዋለሁ፣ ደጋግሞ ስለሚመጣ። ከእናንተ መካከል በዚያ ዘመን ፎንቶች የሠራ፣ አደላደላቸውን የሚያውቅ ሰው ካለ በአላህ፣ በእግዜር ይጻፍልኝ።

እና ትናንት ምን ሰማሁ መሰላችሁ? ከተማ ውስጥ ኪማንን በፍላሽ «ሙሉ ቨርዥን» ብሎ የሚሸጥ አለ። በነፃ የተሰጠውን! ስንት ሰው ትውልድ የሚጠቅም ነገር «ወስዳችሁ ተጠቀሙ» ብሎ አስቀምጦልን፣ መሐል ላይ ኬላ የሚያቆም አይጠፋም። ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚያበሳጨኝ፤ በዚያ ፍላሽ ሾርትከት ቫይረሱም አብሮ ይገባል። ባለፈው የተማሪዎቹ ውጤት ያለበት ፎልደር በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጦ የቆየንበትን ሌሊት አልረሳውም። ከኪማን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። አንዴ ከገባ ኢንተርኔት አይፈልግም። ዳታ የሌላችሁ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ንጹሑን እኔ እገለብጥላችኋለሁ።

ዳታ ስል ዩብሎክ ኦሪጅንንም ጫኑ። ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ነገር ነው፤ ማስታወቂያውን ገና ሳይወርድ ከበሩ ይመልሰዋል። እኛ ለአንድ የፊዚክስ ቪዲዮ ፓኬጅ የምንገዛ ሰዎች ነን፣ ለምን የሳሙና ማስታወቂያ በእኛ ፓኬጅ ይወርዳል? ካናዳዊው ሬይመንድ ሂል ነው በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው፤ መዋጮ እንኳ አልቀበልም ብሏል፣ ስጦታውን ሰው እንዳይመልስለት አድርጎ ነው የሰጠው። ክሮም ላይ ዋናው መሥራት አቁሟል፣ ላይት የሚባለው ቀለል ያለው ብቻ ነው ያለው፤ ሙሉውን የሚፈልግ ፋየርፎክስ ይጫን።

የመጨረሻው ነፃ ስጦታ ኤንቪዲኤ ነው። ስምንተኛ ክፍል ዓይኑ እየደከመ የሄደ ልጅ አለን። ኤንቪዲኤ በስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማይክል ከረን የሚባል ራሱ ዓይነ ስውር የሆነ አውስትራሊያዊ ተማሪ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ዋጋ ከዓይነ ስውር ሰው ኪስ በላይ ስለነበር። ጄምስ ቴህ የሚባል ሌላ ዓይነ ስውር ጓደኛው ተቀላቀለው። ውስጡ ያለው ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ቃል ይሰባብራል፣ ልጆቹ ሲሰሙት ሳቁ። እሱ አልሳቀም። በዩኒኮድ የጻፍኩትን አንድ ገጽ ማስታወሻ ከፈትኩለት፤ ጆሮውን አስጠግቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። «ቲቸር፣ ፍጥነቱን ጨምርልኝ» አለኝ። ጨመርኩ። «አሁንም»። እኛ መከተል አቃተን፣ እሱ ግን ዓረፍተ ነገሩን መልሶ ይነግረናል። ከዚያ በኦሮምኛም ይናገራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ይናገራል። ነገ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ እከፍትለታለሁ።