ቀና ብሎ መሄድ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በማስተማር ዘመኔ ልጆችን «ቀና ብላችሁ ሂዱ፤ ለታላቅ ሰላምታ ስጡ» እል ነበር። ከነዚያ አንዱ ወታደር ሆኖ በ1999 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ዘመተ። ተመልሶ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አስቀድሞ ወንበሩን ከመስኮቱ አራቀ። «ጋሼ፥ እዚያ ቀና ያለ ይመታል፤ ሰላምታ የሰጠም አለቃውን ያስገድላል» አለኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ጀርመኖች ስታሊንግራድን በቦምብ አፈረሱ፤ ፍርስራሹ ግን ለሩሲያ አልሞ ተኳሾች መሸሸጊያ ሆነ። በኡራል አገር አያቱ አደን ያስተማሩት ቫሲሊ ዛይትሴቭ በዚያ ውጊያ 225 ሰው እንደ ገደለ ተመዝግቦለታል። አያቱም እንግዲህ መምህር ነበሩ!

ልጁ ሲሰናበተኝ በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ መንገዱ ባዶ ሳለ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሄደ።