የቀይ ቀበሮው ሥዕል በጨረታ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባሌ ቀይ ቀበሮ የእርዳታ እራት የሚያዘጋጁ ልጆች ዛሬ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ቡና ጋብዘው ለጨረታ የሚሆን ሥዕል ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ለእንስሳቱ ነው እኮ!» አለች ታናሺቱ። እዚህ ላይ ልቤ አይችልም። በዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ከመንደር ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቶታል። ከነሐሴ 2010 ዓ.ም. ወዲህ ክትባቱን በሥጋ ሸሽጎ ማብላት ተጀምሯል፤ ለዚህ ነው ገንዘቡ የሚያስፈልገው። ውርጭ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፉን ጭራው ሥር ሸጉጦ የተኛውን እሰጣለሁ አልኳቸው።

ማክሰኞ ጥቅምት 4

ሒሳብ የሚሠራልኝን ወዳጄን ጠየቅሁት። እዚህ አሜሪካ ሠዓሊ የገዛ ሥራውን ለበጎ አድራጎት ሲሰጥ ከታክስ ሊቀነስለት የሚችለው የሸራና የቀለም ወጪው ብቻ ነው፤ ሕጉ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ገዢውም የሚቀነስለት ከገበያ ዋጋው አስበልጦ የከፈለው ብቻ ነው። «ከታክስ ይቀነስልሃል» ብሎ ሠዓሊን መለመን ስለዚህ ልክ አይደለም። ሥዕሉ በወረደ ዋጋ ከሄደ ደግሞ ጉዳቱ በዚያ ምሽት አያበቃም፤ ቀጥሎ የሚመጣ ገዢ ያንኑ ዋጋ ነው የሚጠራው።

አሌክሳንድሪያ፣ ሐሙስ ጥቅምት 6

ቶርፒዶ ፋክተሪ ዋልኩ። ጦር መሣሪያ ይሠራበት የነበረ ሕንፃ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠዓልያን ቤት ሆኗል። ወፍ ከምትሥል ሴት ጋር ስለ ዳክ ስታምፕ አወራን። ከ1934 ጀምሮ አዳኞች በየዓመቱ የሚገዙት ቴምብር ነው፤ ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ለረግረግ መሬት ጥበቃ ይውላል። በውድድሩ ያሸነፈ ሠዓሊ ከመንግሥት ገንዘብ አይከፈለውም፤ የሥዕሉን ቅጂ አሳትሞ መሸጥ ግን ይችላል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሼፐርድም በ1973 ለሕንድ ነብሮች ከ120 ሺህ ፓውንድ በላይ ያስገኘው የአንድ ሥዕሉን ቅጂዎች በመሸጥ ነው። ለካ ትልቁ ገንዘብ ያለው ቅጂው ላይ ነው!

ማታ ለልጆቹ ደወልኩ፦ መነሻ ዋጋው 600 ዶላር ይሁን፤ የማሳተም መብቱ የእኔ ሆኖ፣ ከቅጂው ሽያጭ ግማሹ ለቀበሮዎቹ። ሳያንገራግሩ ተስማሙ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 15

ዋጋ የሚጻፍበት ወረቀት ከሥዕሉ ሥር ተቀምጧል። እስከ እራት ሁለት ስም ብቻ ነበረበት። ከዚያ አንድ ልጅ ማይክ ይዞ ክትባቱ እንዴት እንደሚሰጥ ሲያስረዳ ሰው ተነሣ፤ እስክሪብቶው ከእጅ እጅ ዞረ። አንዲት እናት «እውነት ከእኛ አገር ሌላ የለም?» ብለው ጠየቁኝ። የለም፣ እማማ። 950 ጽፈው አሸነፉ። ቅጂ የፈለጉም ስማቸውን አስመዘገቡ።

እንዲህ ያለ ምሽት የምታዘጋጁ ወገኖች፣ አደራ፦ መነሻ ዋጋ አስቀምጡ፣ የቅጂውን መብት ለሠዓሊው ተዉለት፣ ገንዘቡ የት እንደሚደርስም ጨረታው ሳይዘጋ ለሰው ንገሩ።