የአራስ ቤት መስኮት

ልጆቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ ወላጆች አንድ የታወቀ ጉዞ አላቸው፤ ልጅ ስትወልድ ለማረስ መሄድ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ የአጥሚቱና የገንፎው እህል ይዘጋጃል፤ ቪዛ ይጠየቃል፤ ሻንጣው ሦስት ጊዜ ይመዘናል። ስለ ካፖርቱና ስለ ካልሲው ሁሉም ይመክራል። ስለ መስኮት ግን የሚመክር የለም። እኔና ባለቤቴ አምና ኅዳር ላይ ፍራንክፈርት ልጃችን ዘንድ ስንሄድም የነገረን አልነበረም። ሦስት ወር ሊሞላን ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስንመለስ ግን፣ ከልጅ ልጃችን ቀጥሎ አብዝተን የምናወራው ስለ መስኮት ሆኖ ነበር።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨትና የብረት ሥራ በማስተማር ነው። በርና መስኮት ለእኔ እንግዳ አይደሉም። እኛ ያደግንበት መስኮት ግን በእንጨት ወይም በብረት ፍሬም ላይ አንድ መስታወት ገጥመው በስቱኮ የሚይዙት ነው። የልጄ ቤት መስኮት ሁለት መስታወት አለው። በሁለቱ መካከል የአውራ ጣት ውፍረት የሚያህል ክፍተት አለ፤ ዙሪያው ታሽጎ ደረቅ አየር ወይም አርጎን የሚባል ጋዝ ይሞላበታል። ብርዱን የሚከለክለው በዋናነት ይህ የታሰረ አየር ነው። ጋቢ ከነጠላ የሚሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በድርቡ መካከል አየር ይይዛል። በቁጥር እንናገረው ከተባለ፣ በውጭና በውስጥ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት ነጠላ መስታወት በካሬ ሜትር 5.8 ዋት ገደማ ሙቀት ያስወጣል። ዘመናዊው ድርብ መስታወት የሚያስወጣው 1.1 ዋት ገደማ ነው። ማሞቂያ ሌት ተቀን በሚሠራበት አገር ይህ ልዩነት በገንዘብ የሚከፈል ነው።

ነገሩ የጀመረው አዋላጇ ስትመጣ ነው። ጀርመን አገር አራስ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ አዋላጅ እቤት ድረስ እየመጣች እናትና ልጅን ታያለች። ይቺ ሴት ገብታ፣ ሰላም ብላ፣ እጇን ታጥባ፣ ቀጥሎ ያደረገችው የአራሷን ክፍል መስኮት ወለል አድርጎ መክፈት ነበር። ውጭው ዜሮ ዲግሪ ነው። ባለቤቴ ክው አለች። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ሳሎን ሮጠች።

«አራስ ቤት ንፋስ ይገባል እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው?»

«እማዬ፣ እዚህ እንደዚህ ነው የሚደረገው» አለች ልጄ።

«እዚህም ቢሆን ብርድ ብርድ ነው!»

አዋላጇ እንደወጣች መስኮቱ ተዘጋ፤ መጋረጃውም ተደረበ። ለሁለት ሳምንትም አልተከፈተም። በዚያ ቤት ጠዋት አጥሚት ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ሦስቴ ይፈላል፣ የሕፃኑ ልብስ ታጥቦ ማሞቂያው አጠገብ ይሰጣል፣ አምስት ሰው ይተነፍሳል። ባለሙያዎች እንደሚሉት አራት ሰው የሚኖርበት ቤት በቀን 10 ሊትር ገደማ ውሃ ወደ አየር ይለቃል፤ የቢጫዋን ጀሪካን ግማሽ ማለት ነው። ያ ሁሉ ውሃ መሄጃ ካጣ የሚያርፈው ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ቦታ ላይ ነው። መስኮቱ ጠዋት ጠዋት ያልበው ጀመር። ውሃው በመስታወቱ ወርዶ ደፉ ላይ ይጠራቀማል። ብዙም ሳይቆይ ከሕፃኑ አልጋ ራስጌ በላይ፣ ግድግዳው ከመስኮቱ በሚገናኝበት ጥግ፣ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት የሚመስል ሻጋታ ታየ።

ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ሻጋታ አስም እንደሚቀሰቅስ ደግሞ እሷም ባሏም ያውቃሉ። ማታ ማታ ማሳል ስትጀምር ቤቱ ውስጥ ፀጥታ ሆነ። ባለቤቴ «ብርዱ ነው» አለች፤ ልጄ «መዘጋቱ ነው» አለች፤ እናትና ልጅ መነጋገር ቀነሱ። በዚህ ላይ የአከራዩ ደብዳቤ መጣ። የልጄ ባል ሻጋታውን ፎቶ አንስቶ፣ የወጥ ቤቱ መስኮትም ጭጋግ እንደያዘ ጨምሮ ልኮለት ነበር። መልሱ አጭር ነው፦ ሁለቱም የመጣው ቤቱን ስለማታናፍሱ ነው፤ ቀለሙንም መስታወቱንም በራሳችሁ ወጪ አስተካክሉ።

እኔ ደብዳቤውን ካስተረጎምኩ በኋላ የጠየቅኩት ደረቅ ጨርቅ ነበር። የመኝታ ቤቱን መስታወት ከውስጥ ጠረግኩት፤ ውሃው በጨርቁ ላይ መጣ። ወጥ ቤት ገብቼ እዚያም ከውስጥ ጠረግኩ፤ ጭጋጉ አልሄደም። መስኮቱን ከፍቼ ከውጭ በኩል ጠረግኩ፤ አሁንም አለ። እንግዲህ ሁለቱ ውሃዎች አንድ አይደሉም። ድርብ መስታወት ያለው ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት ይህንን ነው፤ ከመጨቃጨቅና ገንዘብ ከማውጣት በፊት ውሃው የቱ ጋ እንዳለ ይለይ።

ውሃው በክፍሉ በኩል ባለው ገጽ ላይ ከሆነ መስታወቱ አልተበላሸም፤ የቤቱ አየር እርጥበት በዝቶበታል። በውጭው ገጽ ላይ፣ በተለይ ጥርት ካለ ሌሊት በኋላ ጠዋት ላይ ከታየ፣ የሚያስደስት ነው፤ የቤቱ ሙቀት ወደ ውጭ ስለማያልፍ ውጭኛው መስታወት እንደ ሣር ጤዛ ያዘ ማለት ነው። ውሃው በሁለቱ መስታወቶች መካከል ከሆነ ግን ዙሪያው የታሸገበት ነገር ለቋል፤ እርጥብ አየር ገብቷል። ይህንን ማንም ቤት በማናፈስ አያመጣውም፣ በማናፈስም አያድነውም።

የመጀመሪያው ውሃ የእኛ ሥራ ስለነበር ከእሱ ጀመርን። ለባለቤቴ የነገርኳት በእንስራ ነው። የሞቀ አየር እንስራ ነው፣ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ትንሽ ማሰሮ። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ውሃ ይሸከማል፤ ዜሮ ዲግሪ የሆነው ከ5 ግራም አያልፍም። ስለዚህ ከውጭ የሚገባው ብርዳም አየር፣ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን፣ ቤት ውስጥ ሲሞቅ ባዶ እንስራ ይሆናል፤ እርጥበቱን ይጠጣል።

«ይጠጣ፤ ሕፃኑ ግን አይመታም» አለች።

ትክክል ናት። የተስማማነውም በዚህ ነው። እናትና ልጅ ሳሎን ይቀመጣሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ የመኝታ ቤቱ ማሞቂያ ይጠፋል፣ መስኮቱ ለ5 ደቂቃ ወለል ይላል፣ ይዘጋል፣ ማሞቂያው ይከፈታል። ግድግዳውና ዕቃው ሙቀታቸውን ስለያዙ ክፍሉ ወዲያው ይሞቃል፤ ያኔ ይገባሉ። ከዚያ ተራ በተራ ሳሎኑ። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ለሰዓታት መተው ግን አይረዳም፤ አየሩን ሳይለውጥ የመስኮቱን ዙሪያ ግድግዳ ያቀዘቅዘዋል፣ ሻጋታውም እዚያው ይመለሳል።

የልጄ ባል የክፍሉን እርጥበት በመቶኛ የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ ገዛ። ከ40 እስከ 60 ሲሆን ጥሩ ነው። የመጀመሪያ ቀን 74 አለች፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ 48። ባለቤቴ ቁጥሩን ካየች ወዲህ ሥራውን ለማንም አልሰጠችም። ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ትጽፍ ነበር። የሕፃኑ ልብስም ከመኝታ ቤት ወጣ። ሻጋታውን እኔ ጓንት አድርጌ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ እሳት አርቄ፣ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል ጠረግኩት። እንዲህ የሚደረገው ትንሽ ሲሆን ነው፤ ከግማሽ ካሬ ሜትር ከበለጠ ባለሙያ ይጠራል። አልጋውም ከጥጉ ራቀ። የልጄ ሳል በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀለላት።

ሁለተኛው ውሃ የአከራዩ ነበር። በጀርመን ሕግ ተከራይ ጉድለት ሲያይ ሳይዘገይ ለአከራዩ ማሳወቅ አለበት፤ ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ የመያዝ ግዴታ ደግሞ በመሠረቱ የአከራዩ ነው። ልጄ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈች። ጭጋጉ በሁለቱ መስታወቶች መካከል መሆኑን በፎቶ አሳየች፤ የእናቷን ወረቀት ቅጂም አያያዘች። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ መጡ።

እጃቸውን ሳይ የሙያ ወንድሜ መሆናቸውን አወቅኩ። ቋንቋ ባይኖረንም ተግባባን። ፍሬሙን አልነኩትም። መስታወቱን ከውስጥ የሚይዙትን አራት ቀጫጭን ዘንጎች በመሮ ፈልቅቀው አወጡ፤ ድርቡን መስታወት እንዳለ አነሱ። በሁለቱ መስታወቶች ጠርዝ መካከል ያለውን ክፍት ብረት ጠቁመው አሳዩኝ። ውስጡ እርጥበት የሚጠጣ ፍሬ አለበት፤ አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ በትንሽ ከረጢት እንደምናገኘው ያለ። እሽጉ ሲለቅ ፍሬው እስኪጠግብ ይጠጣል፤ ከጠገበ በኋላ ጭጋጉ ይታያል። ብረቱ ላይ የተሠራበት ዓመት ታትሟል፤ 1994 ይላል። አዲሱን በትናንሽ የፕላስቲክ ሽብልቆች ላይ አስቀምጠው፣ ዘንጎቹን መልሰው ገጠሙ። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ወጪውን አከራዩ ቻለ፤ የጥጉን ቀለም እኛ ቀባን።

ከመሄዳቸው በፊት በዓመት አንዴ የሚደረገውን እያሠሩ አሳዩኝ። የመስኮቱን ዙሪያ ጎማ በለስላሳ ሳሙና ጠርጎ ሲልኮን ዘይት መቀባት፤ የወጥ ዘይት አይሆንም። የሚንቀሳቀሱትን ብረቶች ጠብታ የማሽን ዘይት መስጠት። ከፍሬሙ ሥር ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች በቀጭን እንጨት መጥረግ፤ የዝናብ ውሃ መውጫ ናቸውና በሲልኮን የደፈናቸው ሰው መስኮቱን ያበላሻል። መስኮቱ ሲዘጋ የሚፈትግ ከሆነ ማጠፊያው ላይ ያለውን ብሎን ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ አስገብቶ በጥቂቱ ማስተካከል። መጥበቁን ለመፈተን ደግሞ ወረቀት መሀል አድርጎ መዝጋት፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ተስቦ ከወጣ ንፋስ ያስገባል። መስታወቱም ፍሬሙም በሽቦና በአመድ አይታሹም። ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው ነው።

አንድ ነገር እኔ ጨመርኩ። ዛሬ የታቀፍነው ሕፃን ነገ ይድሃል፣ ከነገ ወዲያ ይንጠለጠላል። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው። በቁልፍ የሚቆለፍ የመስኮት እጀታ ሱቅ ይሸጣል፤ የሁለቱን ክፍሎች እጀታ እኔና የልጄ ባል በካቻቢቴ ፈትተን ቀየርን። ሶፋውንም ከመስኮቱ ሥር አነሳን። ይህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ልጆቻችንንም የሚመለከት ነው።

ከተመለስን በኋላ ሰሚት አካባቢ ቤት የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ «እንግዲያው እኔም ድርብ መስታወት ላስገባ?» አለኝ። ለመንገድ ጫጫታ ይረዳል። ቤት በማሞቂያ ለማናሞቅ ለእኛ ግን ለብርድ ሲባል ብቻ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ በበር ሥር የሚገባውን ንፋስ መድፈን ይቀድማል። ደግሞም ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቆላ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ድርብ መስታወት እዚህ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ይገፋዋል፤ መስታወቱ ይነፋል፣ እሽጉ ይጨነቃል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው «የታሸገው የት ነው? ለከፍታው የግፊት ማስተካከያ ተደርጎለታል?» ብሎ ይጠይቅ። ወንድሜ ሁለት ሱቅ ጠየቀ፤ አንደኛው ጥያቄው አልገባውም። ከእሱ እንዳይገዛ መከርኩት።

ባለቤቴን በተመለከተ፣ በሐሳቧ ጸንታለች። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ተሳፋሪ ዛሬም ከእሷ አያመልጥም። ፍራንክፈርት ግን በየእሑዱ ስትደውል፣ ስለ ልጁ ጥርስ ከጠየቀች በኋላ ሁልጊዜ የምትጨምረው ጥያቄ አለ፦ «ቁጥሩ ዛሬ ስንት ነው?»