በብራውንሲ ደሴት ከልጆች ጋራ ያደርናቸው ሁለት ሌሊቶች

በእኛ አገር ነሐሴ በተባለ ጊዜ ዝናምና ጭቃ፣ ጉምና እሳት ዳር መቀመጥ ትዝ ይለናል። በእንግሊዝ አገር ግን ይኸው ወር የበጋቸው ማለፊያ ነው፤ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ዳር ይወርዳሉ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወራት የሟች ወንድሜን ቤተ ሰብ ለመጠየቅ ወደ ሎንዶን ሄጄ ሳለሁ፣ ሳላስበው የስካውቶች ሰፈር ውስጥ ገብቼ ሁለት ሌሊት በድንኳን አደርሁ። ያየሁትን በአጭሩ እጽፋለሁ፤ የታሪኩን ዓመታት የምጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የወንድሜ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ከ8 ዓመት እስከ 10 ዓመት ተኩል ያሉት ልጆች ‹‹ከብ›› በሚባል የስካውት ክፍል ይቈጠራሉ፤ ትርጓሜውም የአውሬ ግልገል ማለት ነው። ክፍሉ የተቋቋመው በ1916 ሲሆን፣ መሪያቸውን ‹‹አኬላ›› ብለው የሚጠሩት ኪፕሊንግ የተባለው ደራሲ ስለ ጫካ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ካለው የተኩላዎች አለቃ ስም ወስደው ነው። በዕረፍቱ ወራት ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋራ ባንድነት እንዲሰፍሩ ታስቦ ለየቤቱ ወረቀት ተላከ። የወንድሜ ባለቤት በሐኪም ቤት በሽተኛ የምታስታምም ናትና ሌሊቱን ሁሉ በሥራ ላይ ታድራለች፤ ፈቃድ ብትጠይቅም አልተገኘላትም። ብላቴናው ወረቀቱን አምጥቶ ከፊቴ አኖረና፣ ‹‹ጋሼ፣ አንድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል›› አለኝ። ‹‹አባት›› የሚለውን ቃል አባቱ ከሞተ ወዲህ፣ ይኸውም ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከአፉ እንዳልወጣ እናቱ አስቀድማ ነግራኝ ነበርና፣ እኔም ምንም ሳልጠይቅ እሄዳለሁ አልሁት።

ከሎንዶን ተነሥተን በምድር ባቡር ከሁለት ሰዓት በላይ ከተጓዝን በኋላ ፑል ከሚባለው ወደብ ደረስን። በወደቡ ላይ ፊቱን ወደ ደሴቲቱ መልሶ የተቀመጠ የነሐስ ምስል አለ፤ የስካውትን ሥራ የመሠረተው የጄኔራል ባደን ፓወል ምስል ነው፤ የቆመውም በ2008 ነው። ይህ ሰው በ1896፣ በዛሬይቱ ዚምባብዌ ያሉ የማታቤሌ ሰዎች በእንግሊዞች ላይ በተነሡ ጊዜ ከወጓቸው መኮንኖች አንዱ ነበረ። በዚህና በሌላም ነገር ስለ ተነቀፈ በ2020 የከተማው ሹማምንት ምስሉን ሊያነሡት አስበው ሳለ፣ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ስለ ተቃወመ ምስሉ ለጥቂት ጊዜ በሳንቃ ተሸፍኖ ቆይቷል። እኔም አፍሪቃዊ እንደ መሆኔ በፊቱ ቆሜ ሁለት ልብ ሆንሁ። ልጆቹ ግን ከምስሉ አጠገብ ተቀምጠው ዳቦአቸውን ይበሉ ነበር።

ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግረው ጀልባ ብዙ አይቈይም። ብራውንሲ ትንሽ ደሴት ናት፤ ርዝመቷ ሁለት ኪሎሜትር ተኩል አይሞላም። ጥድ በብዛት በቅሎባታል፤ በሌላው የእንግሊዝ አገር ሊጠፋ የቀረበው ጅራተ ጠጉራሙ ቀይ ሽኮኮ በዛፎቿ ላይ ሲዘል ይታያል፤ ጣዎስም በመንገድ ላይ ይንጐራደዳል። በ1927 ደሴቲቱን የገዙ አንዲት ወይዘሮ ሰው አይግባብኝ ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1961 ድረስ ዘግተዋት ነበር። ከሞቱም በኋላ ለአገር ቅርስ ጠባቂው ማኅበር ተላልፋ በ1963 ለሕዝብ ተከፈተች። በእነዚህ ወይዘሮ ዘመን፣ በ1934፣ እሳት ተነሥቶ ለብዙ ቀን ዱሩን ስለ በላው፣ ዛሬ እሳት የሚነደው በተወሰነለት ቦታ ብቻ ነው።

የስካውት ሁሉ መጀመሪያ የሆነው ሰፈር የተሰፈረው በዚህች ደሴት በ1907፣ ኦገስት 1 ቀን፣ ማለት በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 1899 ዓመተ ምሕረት ነው። ባደን ፓወል ሃያ ያህል ልጆች ሰበሰበ። እኩሌቶቹ ኤተንና ሃሮ ከመሳሰሉት የታላላቅ ሰዎች ልጆች ከሚማሩባቸው ቤቶች የመጡ ነበሩ፤ እኩሌቶቹ ከፑልና ከቦርንማውዝ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። ባለጸጎቹ 1 ፓውንድ፣ ድሆቹ 3 ሺልንግ ከ6 ፔኒ ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ግን ልዩነት አልነበረም፤ በአራት ጓድ፣ ማለት በተኩላ፣ በኮርማ፣ በቁራና ምንቃረ ረጅም በሆነች በአንዲት የባሕር ዳር ወፍ ስም ተከፍለው የጌታ ልጅና የሠራተኛ ልጅ ባንድነት ያበስሉ፣ ገመድ ይቋጥሩ፣ ዱካ ይከተሉ ነበር። ጧት ጧት የሚቀሰቀሱት ጄኔራሉ ከማታቤሌ ዘመቻ ባመጣው የአጋዘን ቀንድ ነው። አጋዘን በእኛም ቈላ የሚኖር አውሬ ነውና፣ ይህን ሳነብ ቀንዱ ራሱ በእንግዳ አገር የዋለ ዘመዳችን መሰለኝ። የእኛ አኬላ ግን ቀንድ የለውም፤ በተራ ፊሽካ ነው የሚጠራን።

አሁን ወደ ድንኳናችን ልመለስ። ድንኳኑን የገዛው ወንድሜ ነው። ከልጁ ጋራ ሊሰፍርበት አስቦ ገዝቶት ሳለ ሕመሙ ቀደመውና፣ ዕቃው ከነመጠቅለያው በቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። በዚያ ቀን በሣር ላይ ሲፈታ የመጀመሪያው ነበር። እኔም ልጅን ማስደከም ነውር መስሎኝ መዶሻውን ፈጥኜ አነሣሁ። አኬላ መጣና በትሕትና ነገረኝ፤ በዚህ ሰፈር ድንኳን የሚተክለው ልጁ ነው፤ ትልቁ ሰው ያዝ የተባለውን ይይዛል እንጂ አይመራም። ፍርድ ቤት ተቀምጦ ለብዙ ዘመን የሰው ቃል የጻፈ ሰው ዝም ብሎ መስማት ያውቃል ብዬ እታበይ ነበር፤ እጅን ዝም ማሰኘት ግን ከዚያ የከበደ ሆነብኝ። ዘንጉን በማይገባበት አገባሁት። ‹‹ጋሼ፣ እንዲህ አይደለም፤ አንተ ይህን ያዝ›› አለኝ። ብላቴናው እዚያው ተወልዶ ስላደገ ለታላቅ ‹‹እርስዎ›› ማለትን አልተማረም። በቤት ቢሆን እቈጣው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ዘንጉን የሚያውቀው እርሱ ነበርና ያዝሁ። ድንኳኑ አንድ ወገኑ ዘመመ። ላቃናው ተነሣሁና መልሼ ተቀመጥሁ።

በዙሪያችን የነበሩት ወላጆችም ከእኔ አይሻሉም። አንዱ አባት ልጁ ድንች ሲልጥ ልጣጩን እያወፈረ እኩሌታውን ሲጥለው እያየ ላብ ያጠምቀው ነበር፤ አንዲት እናትም ሴት ልጇ ቢላዋ በያዘች ቍጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። (በእንግሊዝ ስካውት ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ ጋራ መግባት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።) ራቱ ሲቀርብ ከታቹ አርሮ ከላዩ ጥሬ ነበር። እኔ ከዚያ የባሰ በልቼ አውቃለሁና ደግሜ ወሰድሁ፤ ብላቴናውም ይህን አይቶ ፊቱ በራ።

የሁለተኛው ቀን ማታ በእኛ ነሐሴ 12፣ ማለት የቡሄ ዋዜማ ነበር። በተወሰነው ቦታ እሳት ነደደና ሁሉ ዙሪያውን ተቀመጠ፤ ከየቤተ ሰቡም አንድ ዜማ ተጠየቀ። ተራው ሲደርሰን ብላቴናው ወደ እኔ ዞር አለ። ሆያ ሆዬ እንበል አልሁት። በአገራችን ልጆች በዚህች ማታ ጅራፍ እያጮሁ ከደጅ ወደ ደጅ እንደሚዞሩ፣ ሙልሙልም እንደሚሰጣቸው፣ ችቦም እንደሚበራ በምችለው እንግሊዝኛ ለተሰብሳቢው ነገርሁ። እኔ ባወጣሁ ጊዜ ብላቴናው ከነተቀባዩ ቃል አንድ ሳይስት ተቀበለኝ። ማን አስተማረህ ብዬ ልጠይቀው አሰብሁና ተውሁት፤ መልሱን ዐውቀው ነበርና። ልጆቹም ቃሉን ሳያውቁት ዜማውን ይዘው እስኪደክማቸው ድረስ አብረውን ጮኹ፤ በዱላ ፈንታ የድንኳን ዘንግ እየያዙ መሬቱን ይደበድቡ ነበር።

በዚያው ሌሊት ዝናም ወረደ። በጋ ነው ያሉኝ ሁሉ አገራቸውን ረስተውት ኖሯል። በዘመመው ወገን ውኃ ገባና ምንጣፌ ራሰ። ተነሥቼ እወጣለሁ ስል ብላቴናው ቀደመኝ፤ መብራት ይዞ ወጥቶ አውታሩን ሲያጠብቅ፣ ካስማውንም በድንጋይ ሲመታ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ጠጉሩ እየተንጠባጠበ ገባ። እንቅልፍ ስለ ራቀን ቀን በደሴቲቱ ያነበብሁትን አጫወትሁት፤ በዚያ በመጀመሪያው ሰፈር የባደን ፓወል የወንድሙ ልጅ ዶናልድ አብሮ ነበረ፤ ዕድሜው እንዳንተ 9 ነበረ፤ በጓድ ለመግባት ስለሚያንስ የአጎቱ መልእክተኛ ሆኖ ዋለ፤ አባቱም ሰር ጆርጅ በ1898 ሞቶ ነበር አልሁት።

ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ ‹‹አባቱን ያስታውሰው ነበር?›› ብሎ ጠየቀኝ።

‹‹አይመስለኝም፤ ሲሞት ልጁ ገና የ1 ዓመት ሕፃን ነበረ›› አልሁት።

‹‹እኔ አባቴን አስታውሰዋለሁ›› አለ። ከዚያም ስለ አባቱ ይነግረኝ ጀመር፤ ስለ ጫማው፣ መኪና ሲነዳ ስለሚያዜመው ዜማ፣ በሐኪም ቤት ሳለ የድንኳኑን አተካከል በወረቀት ሥሎ እንዳሳየው ነገረኝ። እኔ የማላውቀውን ወንድሜን ነበር የሚነግረኝ። ዝናሙ ሲያባራ ተኝቶ ነበር።

በማግሥቱ ፊሽካው ተነፋና ሰፈሩ ተነሣ። እርጥብ ድንኳን ታጥፎ ከተቀመጠ እንደሚሻግት ስካውቶቹ ስለሚያውቁ፣ ቤት ደርሳችሁ አድርቁት ተባልን። በሎንዶን ያለው የወንድሜ ቤት ጠባብ ነው፤ ግቢም የለው። ስለዚህ ድንኳኑን ከመተላለፊያው በር እስከ መኝታ ቤቱ በገመድ ዘርግተን፣ ሁለት ቀን በሥሩ እያጐነበስን ወጣን ገባን። የወንድሜ ባለቤት ጧት ከሌሊት ሥራዋ ስትመለስ ካባዋን ሳታወልቅ ከሥሩ ቆመች፤ ጨርቁንም በእጇ ዳሰሰችው። ብላቴናው ከመኝታው ሆኖ፣ ‹‹እማዬ፣ ገና አልደረቀም፤ አትንኪው›› አላት።